ኮኮክ፣ ሳሶ፣ ቦቫንስ ወይስ የሐበሻ? ወሎ ላይ በቤቱ ዶሮ ማርባት ለሚፈልግ ሰው

ዶሮ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛዋ ብዙ ትጥላለች?» ብሎ ነው። እኔ ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ጫጩቱን በየጊዜው ከሻጭ ልትገዙ ነው ወይስ እዚያው ቤታችሁ ልታስፈለፍሉ? ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ባቲ፣ የዶሮ ምርጫችሁ የሚወሰነው በዚህ ነው። እዚህ የማወዳድረው በብዛት የሚነሱትን አራቱን ነው፦ የሐበሻዋን፣ ኮኮክን፣ ሳሶን እና ቦቫንስ ብራውንን።

ከእንቁላሉ እንጀምር። በእንቁላል ቦቫንስን የሚደርስባት የለም። መኖዋ ሳይጓደል ከተያዘች ከ5 ወር ገደማ ጀምራ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ኮኮክ በጥሩ አያያዝ ወደ 200 ትጠጋለች። ሳሶ ከቦቫንስ ታንሳለች፤ ከሐበሻዋ ግን እጥፍ ድርብ ትሰጣለች። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው፤ ያውም በሦስት በአራት ዙር። በየዙሩ 12 ወይም 15 ትጥልና ማቀፍ ያምራታል። እንቁላሏም ትንሽ ነው፣ 40 ግራም ገደማ። የኮኮክ ወደ 55፣ የቦቫንስ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቦቫንስ ገዝቶ ይሄዳል። እስቲ መጀመሪያ መኖውን እናስላው። አንዲት ጣይ ቦቫንስ በቀን 110 ግራም ገደማ የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። 10 ዶሮ ካላችሁ በቀን 1 ኪሎ ከ100 ግራም ነው። 50 ኪሎው ጆንያ 45 ቀን ቢወስድ ነው። ከዶሮ እርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ መሆኑን አትርሱ። መኖ ሲወደድ ፉርሽካ ብቻ መስጠት የጀመረ ሰው ውጤቱን ለማየት ብዙ አይቆይም፦ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ዶሮዎቹ እርስ በርስ መነካከስና ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ። ቦቫንስ ደጅ ለቅቀዋት ጭራ የምትኖር ዶሮ አይደለችም። ከከተማ ለሚኖር፣ ቋሚ የእንቁላል ደንበኛ ላለው፣ መኖ ሳያቋርጥ መግዛት ለሚችል ሰው ግን ከእሷ የተሻለ አልመክርም። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አስጥሎ ለሥጋ መሸጥ፣ ከዚያ አዲስ ቄቦች ማስገባት ነው። ዘሯን ማስቀጠል ግን አይታሰብም። ቦቫንስ የተዳቀለች ናት፤ አውራ ብታገኙላትና ብታስፈለፍሉም ጫጩቶቹ እናታቸውን አይሆኑም። ማቀፍም አታውቅም።

ሳሶም እንዲሁ የተዳቀለች ናት፤ የምትመጣው ከፈረንሳይ የዘር ኩባንያ ነው። ጥሩ ጎኗ ለሥጋም ለእንቁላልም መሆኗ ነው። አውራው ጥሩ መኖ ካገኘ በ3 ወር ገደማ ከ2 ኪሎ ያልፋል፤ ሴቷ እንቁላል ትሰጣለች። ቀላ ያለ ላባዋ ደግሞ ለበዓል ገበያ ይመቻል። ወሎ ላይ የበዓል ዶሮ የሚመርጥ ሰው ቀይ ይወዳል፤ ኩክኒውን ሳያይም አይገዛም። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ አድርሶ መሸጥ ለሚፈልግ ሳሶ ታዋጣለች። ሰው ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። የሳሶን እንቁላል አስታቅፎ ያገኛቸው ጫጩቶች አንዱ ፈጥኖ ሲያድግ ሌላው ይቀጭጫል፤ መልካቸውም ይዘበራረቃል። ሻጩ አላታለለም። የተዳቀለ ዘር ባሕሪው ነው።

አሁን ወደምወዳት ልምጣ። ኮኮክ በፈረንጆች 1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ፖቸፍስትሩም በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ የተፈጠረች ዝርያ ናት። ጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ነጭ ሌግሆርን እና ዝንጉርጉር ፕሊመዝ ሮክ ተዳቅለው፣ ከዚያ በምርጫ ዘሯ እንዲጸና ተደርጎ ነው። እኛ አገር ያስለመዳት የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከሳሶና ከቦቫንስ የሚለያት ዋናው ነገር ዘሯ የጸና መሆኑ ነው። የኮኮክ አውራና የኮኮክ ሴት ኮኮክ ይወልዳሉ። አንዴ ጥሩ ዘር ከገባ የሚቀጥለውን ትውልድ ከጓሯችሁ ታወጣላችሁ። ለሥጋም አታሳፍርም፤ ሴቷ ስታድግ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች።

ኮኮክን ለቤት እርባታ የምታስመርጥ ሌላም ነገር አለ። ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን ጾታዋ ይለያል። ጠጉሩ ሲደርቅ ጫጩቱን በመዳፋችሁ ይዛችሁ አናቱን እዩት። ጥቁር ሆኖ አናቱ ላይ ጉልህ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ወንድ ነው። ነጩ የጠፋባት ወይም እምብዛም የማይታይባት ሴት ናት። ላባ ሲያወጡም ወንዱ ነጣ ይላል፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። «ሁሉም ቄብ ናቸው» ተብሎ ግማሹ አውራ የሆነበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቦቫንስም በቀኗ ትለያለች፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጭ ናቸው። የሐበሻዋን ጫጩት ግን እስክታድግ ጠብቁ።

የኮኮክን ጉድለትም ልንገራችሁ። መልኳ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ በዓል ሲደርስ ቀይ ፈላጊ ገዢ ያልፋታል። እምብዛም አታቅፍም። ጭራ ትበላለች፣ ከቦቫንስም በተሻለ ደጅ ትቋቋማለች፤ ግን ጭረት ብቻውን እንቁላሉን አያመጣም። ማሽላ ወይም ስንዴ፣ ፋጉሎ፣ ጎመን፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ማከል ያስፈልጋል።

ኮኮክ እንቁላል አለማቀፏን የምትሸፍንላት የሐበሻዋ ናት። ብዙ ሰው የሐበሻዋን በእንቁላሏ ብቻ መዝኖ ይጥላታል፤ ይህ ይቆጨኛል። ሥራዋ ማቀፍና ማሳደግ ነው፤ በዚህ የሚተካከላት የለም። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የቀን ጫጩት ያለ ሙቀት አያድርም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ አምፖል አያሞቅም፣ የማስፈልፈያ ማሽንም ይቆማል። የታቀፈች ዶሮ ግን መብራት አያሳስባትም። ጭልፊት ሲያንዣብብ ድምፅ አሰምታ ጫጩቶቿን ክንፏ ስር የምትሰበስበውም እሷ ናት።

ስለዚህ ከተጠየቅሁ ምክሬ ይህ ነው፦ አንድ የኮኮክ አውራ፣ ከ8 እስከ 10 የኮኮክ ሴት፣ ከነሱ ጋር ሁለት ሦስት ማቀፍ የምታውቅ የሐበሻ ዶሮ። የኮኮኩን እንቁላል ሰብስባችሁ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከ7 ቀን በላይ የቆየውን ብሉት። የሐበሻዋ ስታቅፍ የራሷን አንስታችሁ የኮኮኩን ተኩላት፤ እንቁላሉ ስለሚተልቅ ከ10 አታብዙባት። በ7ኛው ቀን ማታ በስልካችሁ መብራት አዩት። የደም ሥር የመሰለ መረብ ካለው ሕይወት አለ፤ ጥርት ብሎ ብርሃን ካሳለፈ አውጡት። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይወጣሉ።

ከቦታ ወደ ቦታም ምርጫው ይለያያል። ባቲና ከሚሴ አካባቢ ያላችሁ ጭንቀታችሁ ብርድ አይደለም። ጥላና ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እዚያ ከባድ ሥጋ ያላትን ሳሶ ሙቀት ቶሎ ያደክማታል። ወረኢሉና ኩታበር ያላችሁ ደግሞ ጫጩት ከገዛችሁ የቀኑን ሳይሆን የ45 ቀኑን ወይም የሁለት ወሩን ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሞት የሚበዛበትን ጊዜ ሻጩ አሳልፎላችኋል።

ዘሩ ምንም ይሁን ፈንግል አይምርም። አንድ ቤት ገብቶ በሳምንት ውስጥ በረቱን ባዶ የሚያደርግ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። የመጀመሪያው ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን ላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ገደማ በውሃ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገማል። በውሃ ሲሰጥ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክላችኋቸው ስጡ፣ ተጠምተው ቶሎ እንዲጨርሱት። ስትገዙ «እትዬ፣ ፈንግል ተከትበዋል? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን መናገር የማይችል ሻጭ ጋ አትቁሙ። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከኋላ ያለው ላባ በኩስ ያልተጣበቀ ዶሮ ምረጡ። የገዛችሁትን ከነባሮቹ ጋር በዕለቱ አትቀላቅሉ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ። ከገበያ የመጣች አንዲት ዶሮ ሙሉ በረት ልትጨርስ ትችላለች።

ጫጩት ማዘዝ ለሚፈልግ፣ ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል አለ፤ በየወረዳው ያለውን የእንስሳት ባለሙያም ጠይቁ። ኮኮክ ስታዝዙ ንጹሕ ዘር መሆኑን አረጋግጡ። ቡናማ ወይም ቀይ ላባ ጣል ጣል ያለበት ኮኮክ ተዳቅሏል ማለት ነው፤ ለእንቁላል ይሆናል፣ ለዘር ግን አይሆንም። አውራውንም በዓመት አንዴ ኮኮክ ከሚያረባ ሰው ጋር ተለዋወጡ። አባት ከልጆቹ ጋር ሲቀጥል እንቁላሉ መፈልፈል ይቀንሳል፣ ጫጩቱም ይደክማል።