ለቤት ቢራ ማብላያ የቱ ይሻላል? ሳፋ፣ የፎም ሳጥን፣ አሮጌ ፍሪጅ ወይስ ዲፍሪዘር (ለደሴም ለኮምቦልቻም ሰው)

ቤቱ ቢራ መጥመቅ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እርሾና ስለ ሆፕ (ለቢራው ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ነው፣ ሁለተኛው ጠመቃ ላይ ግን ሁሉም "ሙቀቱን በምን ልያዘው?" ብሎ ይመጣል። ብዙዎቹ ደግሞ ሳይጠይቁ በፊት አሮጌ ፍሪጅ ገዝተው ጨርሰዋል፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ደሴ ለሚኖረውና ኮምቦልቻ ለሚኖረው ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ አይደለም።

እኔ ሁለቱም ጋ ጠምቄያለሁ። የመጀመሪያዬ ኮምቦልቻ ነበር፣ ሚያዝያ ላይ፣ ክፍሉ 27 ዲግሪ፣ ባልዲውን ጥግ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ፣ በሁለተኛው ቀን ባልዲው ላይ የለጠፍኩት ቴርሞሜትር 32 ይላል። ሲያልቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፣ ሲጠጣ ጉሮሮ ያቃጥላል። 20 ሊትር ደፋሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል እኮ፣ ጠላ የጠመቀች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ በሚፈላበት ቀን ጋኑን ስትዳስሰው ይሞቃል። ስለዚህ ክፍላቹ 22 ነው ማለት ቢራው 22 ነው ማለት አይደለም፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ጨምራቹ አስቡት። አብዛኛው የኤል (ሞቅ ብሎ የሚብላላው የቢራ ዓይነት) እርሾ ከ18 እስከ 20 ላይ ንጹህ ቢራ ይሰጣል፣ ላገር (በብርድ የሚብላላው) ደግሞ ከ10 እስከ 12 ይፈልጋል። የኛ ሀገር የፋብሪካ ቢራ አብዛኛው ላገር ነው፣ "እንደ ፋብሪካው ጥርት ያለ" የምትሉ ሰዎች የምትፈልጉት ይሄን ብርድ መሆኑን ከአሁኑ እወቁት።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመኪና ቅርብ ነው ግን 1,000 ሜትር በወረዳቹ ቁጥር 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ከፍታው ብቻውን የ4 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። ደሴ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ቤት ውስጥ ገብቶ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ይነቃል፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል፣ እንዲህ እያለ ስኳሩን ሳይጨርስ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ደሴ ሆኖ ኤል ለሚጠምቅ ሰው የሚያስፈልገው ማሞቂያ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ላላቹ ደግሞ ተቃራኒው።

ከርካሹ ልጀምር። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጋቹ ባልዲውን መሀሉ ታስቀምጣላቹ፣ አሮጌ አቡጀዲ ወይ ፎጣ ታለብሱትና ጫፉ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ውሃው በጨርቁ እየወጣ ሲተን ያቀዘቅዛል፣ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። 3 ወይ 4 ዲግሪ ያወርዳል፣ ደረቅ አየር ካለ። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ሲሆን ብዙ አትጠብቁበት። ላገር በዚህ አይታሰብም። የመጀመሪያ ጠመቃው ለሆነና ገንዘብ ማውጣት ለሚፈራ ሰው ግን ጥሩ ነው።

የፎም ሳጥን እኔ በጣም የምወደው ነው። ነጩን ፎም፣ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለውን፣ ስድስት ፊት ቆርጣቹ በሰፊ ስኮች ታሽጉታላቹ፣ ውስጡ ባልዲና በሃይላንድ የቀዘቀዘ በረዶ ይገባል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፦ ባለ 1.5 ሊትሩ ሃይላንድ ሲቀልጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት 20 ሊትር ቢራን ወደ 6 ዲግሪ ያወርዳል፣ ሳጥኑ ምንም ባያስገባ። ግን ያስገባል፣ ከውጪው 5 ዲግሪ ዝቅ አድርጋቹ ለመያዝ በቀን አንድ ሃይላንድ ያህል በግድግዳው ብቻ ይሄዳል፣ እርሾው ከሚያወጣው ጋር ሲደመር ጠዋት አንድ ማታ አንድ መቀየር ነው። መብራት ሲሄድ ምንም አይሆንም፣ በረዶው እስካለ ድረስ። ችግሩ የሰው ጉልበት መጠየቁ ነው፣ አንድ ቀን ወልዲያ ሄዳቹ ካደራቹ የሚቀይርላቹ ሰው ያስፈልጋል፣ ደግሞም በረዶውን የምታቀዘቅዙበት ፍሪዘር ቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ይሄው ሳጥን ደሴ ላይ ማሞቂያ ይሆናል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። የድሮው ቢጫ አምፖል፣ 25 ወይ 40 ዋት፣ የቀለም ጣሳ ውስጥ ገብቶ ከፎሙ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከኮንትሮለር (ሙቀቱን እየለካ መብራት የሚሰጥና የሚቆርጥ ዕቃ) ጋር ይገናኛል፣ በቃ። ጣሳው ግዴታ ነው፣ አንደኛ ብርሃን ሆፕ ያለበትን ቢራ መጥፎ ሽታ ያመጣበታል፣ ሁለተኛ ፎም እሳት ይወዳል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ውዱ። ያገለገለ ቋሚ ፍሪጅ ከኮንትሮለር ጋር፣ ወይስ ዲፍሪዘር (በላይ የሚከፈተው)? ሁለቱም ላገር ያስጠምቃሉ፣ ኮምቦልቻ ሆናቹ ላገር ከፈለጋቹ ከነዚህ አንዱ የግድ ነው። ዲፍሪዘር ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ብርዱ ክዳኑ ሲከፈት አይፈስም፣ መብራት ሲጠፋም ረጅም ሰዓት ይይዛል፣ እሱ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው። ግን 20 ሊትር ቢራ ከነባልዲው ከ22 ኪሎ በላይ ነው፣ አንስታቹ ከላይ ወደ ታች ማስገባት ወገብ ይፈትናል፣ ሲወጣ ደግሞ ይናወጥና የዘቀጠው አተላ ይበጠበጣል። ሌላው እርጥበቱ፣ ውሃው ታች ይጠራቀማል፣ በየሳምንቱ ካልወለወላቹት ይሻግታል። ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ ኮንትሮለሩ ካጠፋው በኋላም ግድግዳው ብርድ መስጠቱን ይቀጥላል፣ 18 ብላቹ 16 ታገኙታላቹ።

ቋሚ ፍሪጅ በሩ ከፊት ስለሆነ ባልዲውን ገፋ አድርጋቹ ታስገባላቹ። እኔ ዛሬ የምጠቀመው እሱን ነው፣ ለአብዛኛው ሰውም እሱን እመክራለሁ። የራሱ ቴርሞስታት ለምግብ ስለተሠራ 18 ላይ አይቆምም፣ ስለዚህ እሱን እስከ መጨረሻው ብርድ ታዞሩትና ኮንትሮለሩ መብራቱን እየቆረጠ ይመራዋል። 18 ላይ ሲይዝ ሞተሩ ምግብ ላይ ከሚሠራው በጣም ያነሰ ስለሚሠራ ቆጣሪውን አትፍሩ፣ አብሽሩ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያው ሱቁ ውስጥ በደንብ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላው ጋዙ አለቀ፣ ሻጩ "እኔ ጋ ይሠራ ነበር" ብሎ ሸኘኝ፣ ገንዘቤም ላገሬም ሄደ። ስለዚህ ሻጩ ጋ ሰክታቹ ቢያንስ 2 ሰዓት ቁጭ በሉ፣ ሞተሩ ሳያቋርጥ የሚጮህና የማይበርድ ከሆነ ተዉት፣ የበሩን ጎማ ወረቀት አስገብታቹ ሳቡት፣ ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ባልዲያቹን ይዛቹ ሂዱ፣ ከነአየር ማስወጫው ቁመቱ ይግባ አይግባ እዛው ለኩ፣ መደርደሪያው ይወጣል ግን ታች ለሞተሩ የተሠራው ደረጃ አይወጣም። እባካቹ ጎኑን በመሰርሰሪያ አትብሱት፣ የጋዝ ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ተደብቋል፣ የሴንሰሩ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ በበሩ ጎማ ስር ያልፋል።

ቢራ አቀዝቃዛ ብለው የሚሸጡትን በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ለዚህ አትግዙ፣ ለ20 ሊትር አቅም የለውም።

ኮንትሮለር ላይ ሁለት አሉ። ኤስቲሲ 1000 ርካሹ ነው፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በአንዴ ይመራል፣ ግን ባዶ ዕቃ ነው የሚመጣላቹ፣ ሽቦውን ራሳቹ ነው የምታገናኙት። 1 እና 2 መብራት፣ 3 እና 4 ሴንሰር፣ 5 እና 6 ማሞቂያ፣ 7 እና 8 ማቀዝቀዣ። 220 ቮልት ነገር ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን ይሥራላቹ፣ ሳጥን ውስጥም አስገቡት፣ ደግሞ ባለ 12 እና ባለ 110 ቮልት ስላለ ጀርባውን አንብቡ። ኢንክበርድ አይቲሲ 308 ደግሞ ውድ ነው ግን ሶኬቱ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ አንዱ ማሞቂያ አንዱ ማቀዝቀዣ ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሰክቶ መሄድ ነው። ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስመጡ ከሆነ ባለ ሁለት ክብ እግሩን ንገሩት፣ የአሜሪካው 110 ቮልት ነው። ሽቦ የማትነኩ ከሆነ ጨምራቹም ቢሆን ኢንክበርዱን ግዙ፣ እኔ በዚህ አልከራከርም።

ሁለቱም የሞተር ማዘግያ አላቸው፣ 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት፣ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ሞተሩ ጋዙ ሳይረጋጋ እንዳይነሳና እንዳይቃጠል። ሴንሰሩን አየር ላይ አታንጠልጥሉት፣ ባልዲው ጎን ላይ ቢራው ባለበት ከፍታ በስኮች ለጥፋቹ በላዩ ስፖንጅ አድርጉበት፣ ያለዚያ የምትመሩት አየሩን ነው፣ ቢራው የራሱን ይሄዳል።

ከሚሴና ባቲ ያላቹ፣ ፍሪጅ መግዛት ካልቻላቹ ክቬይክ የሚባል የኖርዌይ እርሾ አለ፣ 30 ዲግሪና ከዛም በላይ ላይ ሳይበላሽ ይሠራል፣ ለናንተ አየር የተፈጠረ ነው የሚመስለው፣ የሚልክላቹ ሰው ካገኛቹ ደረቁን አስመጡ።

ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላ ኮንትሮለሩን አስቀድሙ። ደሴ ያለው ሰው በፎም ሳጥንና በአምፖሉ ዘንድሮውኑ ይጀምራል፣ ኮምቦልቻ ያለው ደግሞ ፍሪጁን እስኪያገኝ በበረዶ ሃይላንድ ይቆያል፣ ኮንትሮለሩም ዲግሪውን እያሳየው በረዶ መቼ እንደሚቀይር ይነግረዋል፣ ፍሪጁ የመጣ ቀን ያንኑ ኮንትሮለር ነቅሎ እሱ ላይ ይሰካዋል።