ያጌጠው ወይስ ጥቁሩ? ሁለት የጃፓን የሻይ ጎድጓዳ ሳህኖች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኪዮቶ ላይ ኖኖሙራ ኒንሴይ የሠራቸው ሳህኖች በሚሽከረከር ገበታ የተቀረጹ፣ ግድግዳቸው ስስ ነው። መጀመሪያ በከፍተኛ ሙቀት ይተኮሳሉ፤ ከዚያ በመስታወታማው ልባስ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሥዕል ተስሎባቸው ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና እሳት ይገባሉ። ጠጪው ከመጎንጨቱ በፊት ሳህኑን ዞር ያደርገዋል፤ ከንፈሩ በሥዕሉ በኩል እንዳያርፍ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቾጂሮ ለሻይ ሊቁ ለሴን ኖ ሪኪዩ የሠራው፣ ራኩ የሚባለው ጥቁር የሸክላ ሳህን ግን በእጅ ብቻ የተበጀ፣ ወፍራምና ሥዕል አልባ ነው። ሙቀቱን ቀስ እያለ ስለሚያስተላልፍ እጅ አይፈጅም፤ አረንጓዴው ሻይም በጥቁሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በሙዚየም መስታወት ውስጥ ኒንሴይ ያሸንፋል፤ ራኩ እኮ ካልዳሰሱት ምኑም አይገባም። ጠጣበት ከተባልኩ ግን ያለ ማመንታት ጥቁሩን አነሳለሁ።