ለኮሮላ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረጊያ ሞላ፦ ለድሬዳዋ መንገድ ይሆናል?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ኢ120 በሚባለው የኮሮላ ትውልድ ላይ የሚገባው፣ መኪናውን 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርገው ሞላ ድሬዳዋ ላይ ይነዳል፤ ባለ 50ው አይነዳም። ልዩነቱ የሞላውን መወዛወዝ ከሚያበርደው ከአሞርዛተሩ ይመጣል። የፋብሪካው አሞርዛተር የተሠራው ለረጅሙ ሞላ ነው። 50 ዝቅ የሚያደርገው አጭር ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይላላል። ወደ ሐረር በሚወጣው የደንገጎ መንገድ ጥምዝ ላይ የውስጠኛው ጎማ ሲቀልለው ሞላው ይነሳና ጎማው ተመልሶ ሲጫን «ቋ!» ብሎ ይወርዳል። ይህ ሲደጋገም የሞላ መቀመጫውን ላስቲክ ይቆርጠዋል። ባለ 30ው ግን መኪናው በክሪክ ተነስቶ እንኳ አይላላም፤ ከተገጠመ በኋላ በእጅ ነቅንቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው አራት ሞላ ብቻ ነው። የፊቱና የኋላው ስለሚለያዩ የታተመበትን ቁጥር ሳያነቡ ወደ ሥራ አይግቡ። ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ነው። ትልቁ ቅሬታ ሳጥኑ ውስጥ በሌለው ነገር ላይ ነው፦ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የሚገባው የአረፋ ጎማም፣ የአቧራ ሽፋኑም፣ የላይኛው ኩሽኔታም አብረው አይመጡም። ያረጀ ኮሮላ ላይ ደግሞ ሦስቱም አልቀው ይገኛሉ። የአቧራ ሽፋኑ ከተቀደደ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዘንጉ ላይ ይቀመጣል፣ ዘንጉ ይቧጨራል፣ ከዚያ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ኩሽኔታው ከደረቀ መሪ ሲዞር ሞላው ይታሰርና ተፈትልኮ ይመለሳል፤ ጥፋቱ ግን በአዲሱ ሞላ ይላከካል። ስለዚህ ሦስቱን አስቀድሞ መግዛት ነው። ማውጣትና መግጠሙ ያው ሥራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መድከም አያስፈልግም። የአረፋ ጎማውን የሞላው አምራች ካዘዘው በላይ አይቁረጡ፤ ጨርሶ የተጣለበት መኪና አንድ ጉድጓድ ሲገባ አሞርዛተሩ ብረት ለብረት ይመታል።

«ሞላ ከመግዛት የድሮውን በግራይንደር መቁረጥ» የሚለው ምክር እዚህም ይሰማል። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ካለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥ ሞላው ወደ 20 በመቶ ይጠነክራል፤ ጫፉም መቀመጫው ላይ አይገጥምም። በኦክስጅን እሳት አሙቆ ማስተኛቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ የብረቱ ጥንካሬ በእሳቱ ይጠፋል።

ወደ ሥራው። የድሬ ፀሐይ እየታወቀ ጠዋት 12 ሰዓት መጀመር፣ የፊቱን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መጨረስ፣ የኋላውን ከ10 ሰዓት በኋላ መያዝ ይሻላል። ክሪኩና ካቫሌቶው (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዘው ማቆሚያ) ሲሚንቶ ላይ ይቁሙ። አስፋልት ላይ ከሆነ ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ይግባ፤ በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት የካቫሌቶ እግር ይውጣል።

የጎማውን ዳዶ በ21 ቁልፍ መኪናው መሬት ላይ እያለ ያላሉ። ከዚያ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ያንሱ፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዘው የስታብላይዘር ዘንግ ተወጥሮ ብሎኑ አልወጣም ይላል። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከአሞርዛተሩ ይፍቱ። ሁለቱን የታች ብሎኖች ከመፍታት በፊት ቦታቸውን በጠመኔ ያስምሩ። ሲወጡ ጎማ ተሸካሚውን ብረት በሽቦ አስረው ይያዙት፤ ወደ ውጭ ከወደቀ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሴሚያሱም፣ ከውስጥ መጋጠሚያው ሊወጣ ይችላል። ከኮፋኖ ሥር ያሉት ሦስት ዳዶዎች የሚፈቱት በመጨረሻ ነው፣ ሌላ ሰው ከታች ይዞ።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የሞላ መጭመቂያውን ሁለት ዘንጎች ፊት ለፊት ተቃራኒ ያድርጓቸው፣ ጥርሳቸውን ግራሶ ይቀቡ፣ በየተራ ሁለት ሁለት ዙር ያጥብቁ። በአየር መፍቻ አይሞክሩት። መንጠቆው የአዲሱን ሞላ ቀለም እንዳይልጠው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከሥሩ ያድርጉ። ሞላው በመቀመጫው ላይ በእጅ መዞር እስኪጀምር ድረስ በአሞርዛተሩ ዘንግ አናት ላይ ያለው የመሐሉ ዳዶ አይነካም፤ ያኔም ፊትን ከዳዶው አቅጣጫ አርቆ ነው። አዲሱ አጭር ስለሆነ ብዙ መጭመቅ አይጠይቅም። የታችኛው ጫፉ የመቀመጫው እርከን ውስጥ ልክ ይግባ፤ አንድ ጣት ያህል ከሸሸ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይንሸራተትና ይጮኻል።

ማጥበቂያው የማጥበቅ ኃይሉን በሚለካው ቶርክ ቁልፍ፦ የመሐሉ ዳዶ 47 ኒውተን ሜትር፣ ሦስቱ የላይ ዳዶዎች 39፣ ሁለቱ የታች ብሎኖች 153፣ የጎማው ዳዶ 103። የኋላውም አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ስለሆነ መጭመቂያው ይፈለጋል። ዋናው ልዩነት የላይኛው ዳዶ ከመኪናው ውስጥ በኩል መገኘቱ ነው።

አብዛኛው ጋራዥ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ላስቲክ) ያለባቸው ብሎኖች፣ ማለትም የፊት የታችኛው ክንድና የኋላ አሞርዛተር የታች ብሎን፣ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት፣ ወደ ጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ። መኪናው ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይዘነብላል፣ አቅጣጫውም ይዛባል። መሪውን ከጎማው በሚያገናኘው ቴስቲና ሳይስተካከል ከቆየ አዲስ ጎማ በውስጥ በኩል ይበላል። ሞላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚተኛ 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ባዶውን የከተማውን ሰፈሮች ከዚራንና ሳቢያንን ለሚዞር መኪና ምቾቱ ከፋብሪካው ትንሽ ይጠነክራል፣ መሪው ግን ይጨብጣል። አምስት ሰው ጭኖ ከታይዋን ገበያ ዕቃ ሞልቶ ሐረር ለሚወጣ አይመከርም፤ ኋላው ጉብታ ላይ ይጠርጋል። ለአሥርት ዓመታት የሐረርን ዳገት የተመላለሱት ፔጆ 404 ታክሲዎች ቁመታቸውን ጠብቀው የኖሩት በከንቱ አይደለም።

የወጣውን የፋብሪካ ሞላ አይሽጡት። «ፊት» እና «ኋላ» ብለው በቀለም ጽፈው፣ ዘይት ቀብተው በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀምጡት፤ መኪናው ሲሸጥ ገዢው የሚጠይቀው እሱን ነው።