ያለቀለት የባስ ሳጥን ወይስ ለየብቻ ገዝቶ ማሠራት?

«አምፑም (የድምፁን ኃይል የሚያሳድገው ዕቃ) ስፒከሩም አብሮት ያለውን ሳጥን ላንሳ ወይስ ለየብቻ ገዝቼ ላሠራ?» መኪናው ላይ ባስ መጨመር የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ለየብቻ ግዙ። ሳጥኑን አናጢ ዘንድ አሠሩ፤ ስታሠሩም ምንም ቀዳዳ የሌለው፣ ዙሪያውን ዝግ የሆነ ይሁን። የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው፣ አምፑ ከጀርባው የተገጠመለት፣ ፊቱ ላይ «1200 ዋት» የተለጠፈበት ሳጥን የሚረክሰው የገዛችሁት ቀን ብቻ ነው። አምፑ ሲቃጠል ስፒከሩም ሳጥኑም አብረው ሥራ ይፈታሉ፤ የዚያ አምፕ ቦርድ ለብቻው ተፈልጎ ብዙ ጊዜ አይገኝምና።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጠየቀ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ድርሻው ግን ብዙም አይለወጥም። ከያዛችሁት ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለስፒከር፣ 35ቱ ለአምፕ፣ 15ቱ ለሽቦና ለፊውዝ፣ 10ሩ ለሳጥን፣ የቀረው 5 ብር ለላሜራ ድምፅ ማፈኛ ይዋል። ገንዘብ የሚባክነው 60ው ለስፒከር ተከፍሎ ሽቦው በተረፈው ሲገዛ ነው። ያለቀለት ሳጥን የሚሸጥ ሱቅ ስትገቡ «ስፒከሩ ብቻውን ስንት ነው? አምፑስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ነጥሎ መናገር ካልቻለ ለየትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደምትከፍሉ አታውቁም ማለት ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ደግሞ አዲስ ፎርጅድ ከምትገዙ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ። በሚቀጥሉት መፈተሻዎች ካለፈ ከአዲሱ ፎርጅድ እጅግ ይሻላል።

«1200 ዋት» የሚለውን ለማጣራት አምፑ ላይ ያለውን ፊውዝ ማየት ይበቃል። ፊውዙ 15 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር ሲነሳ በሚኖረው 13.8 ቮልት ስታባዙት 207 ዋት ይመጣል። ይህ አምፑ ከባትሪው የሚስበው ነው። አምፑ ክላስ ዲ (ኃይል ቆጣቢው ዓይነት) ከሆነ ከዚያ ላይ 80 በመቶ ያህሉ፣ 165 ዋት ገደማ፣ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል፤ ክላስ ኤቢ (ብዙውን በሙቀት የሚያባክነው ዓይነት) ከሆነ ወደ 110 ይወርዳል። ለባለ 12 ኢንች ስፒከር በቂ የሚሆነው እውነተኛ 300 ዋት ነው፤ ይህን የሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕ ቢያንስ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ይኖረዋል። ከዚህ ያነሰ ፊውዝ ይዞ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን አትግዙ።

ስፒከሩን አገላብጡት። ማግኔቱ በወፍራም የላስቲክ ሽፋን የተጠቀለለ ከሆነ ሽፋኑን በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ፎርጅድ ላይ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይሰረጉዳል፣ ውስጥ ያለው ማግኔት የሽፋኑን ግማሽ አያህልምና። ቀጥሎ ኮኑን (የሚርገበገበውን የስፒከሩን ፊት) በሁለት እጅ፣ ጣቶቻችሁን በእኩል ርቀት አስቀምጣችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሎ አብጧል ወይም ከመሐል ወጥቷል። የኮኑ ዙሪያ ጎማ ይሁን፤ ስፖንጅ ከሆነ በጊዜ ብዛት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ቴስተር ካላችሁ ኦሙን ለኩ፤ 4 ኦም የተባለ ጤነኛ ኮይል 3.2 እስከ 3.6 ያነባል። 1 ኦም ካነበበ ወይም ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ኮይል አስጠምጥሞ መመለስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሽቦው በውፍረትም በንብርብርም እንደ ፋብሪካው ካልሆነ ኦሙ ይለወጣል ወይም ኮይሉ ክፍተቱ ውስጥ ይፋቃል፤ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ መቃጠሉ አይቀርም። ስለዚህ «የተጠገነ ነው» ከተባላችሁ ዋጋውን በግማሽ አስቀንሱ፤ ካልሆነ ተዉት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። በአግባቡ የተሠራ ባለ ቱቦ ሳጥን በዚያው ዋት ከዝጉ ይበልጥ ይጮኻል፤ ቱቦው በተቃኘበት (ውስጡ ያለው አየር አብሮ በሚርገበገብበት) ድምፅ አካባቢ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ አምፑን በእጥፍ እንደ ማሳደግ ማለት ነው። ችግሩ በአግባቡ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ብዙ አለመኖሩ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር በቱቦ ለመሥራት ከ50 እስከ 60 ሊትር ይፈልጋል። 55 ሊትር ሳጥን ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 32 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም 33 ኸርዝ (በሴኮንድ 33 ንዝረት) ላይ ይቃኛል፤ ይህ ጥሩ ነው። ርካሹ ያለቀለት ሳጥን ግን ውስጡ 35 ሊትር ቢሆን፣ ቱቦው ደግሞ 7.6 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው መቃኛው 47 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ከ47 በታች ያለው ሁሉ ከሳጥኑ አቅም ውጪ ነው፤ ኮኑ የሚይዘው አየር አጥቶ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ዘፈኑ ቢቀያየርም የምትሰሙት ያንኑ አንድ «ድም» ይሆናል። ቱቦው ጠባብ ስለሆነም ቮልዩም ሲጨመር አየሩ «ፉፍ» ይላል። ኮይሎች የሚቃጠሉትም እንዲህ ነው፤ ሰውየው ባሱ ስለቀረበት ቮልዩም ይጨምራል።

ዝግ ሳጥን ከ25 እስከ 35 ሊትር ይበቃዋል። ድምፁ ወደታች ሲወርድ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል፤ ባለ ቱቦው 24 ነው። መኪና ደግሞ ትንሽ ክፍል ስለሆነች ዝቅተኛውን ድምፅ ራሷ ከፍ ታደርገዋለች፤ ዝጉ የሚያጎድለውን መኪናዋ ትሞላለች። የባስ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፣ የከበሮው ምትም አይንዘላዘልም። ተዘግቶ የታሸገው አየር ኮኑን እንደ ስፕሪንግ ስለሚይዘው ስፒከሩም ይጠበቃል።

ለአናጢው ይህን ስጡት፦ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ተራ ቺፕውድ አይሁን። ፊትና ጀርባ 40 በ40፣ ሁለት ጎን 40 በ26.4፣ ላይና ታች 36.4 በ26.4 ሳንቲ ሜትር። ሲገጣጠም ውስጡ 35 ሊትር ይሆናል፤ ስፒከሩ የሚይዘው ሲቀነስ 32 ያህል ይቀራል። ከአንድ ባለ 122 በ244 ሉህ ሲሶው ይበቃል፤ ሙሉ ሉህ አታስከፍሉ። መገጣጠሚያው ሁሉ ኮላ ይቀባ፣ ብሎን በየ10 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ከደረቀ በኋላ የውስጡ ማዕዘን በሲሊኮን ይታሸግና 24 ሰዓት ይቆይ። የስፒከሩን ቀዳዳ በግምት አታስቆርጡ፤ ስፒከሩን ይዛችሁ ሂዱ። ሳጥኑ አየር መያዙን ለማወቅ ኮኑን ቀስ አድርጋችሁ ገፍታችሁ ልቀቁት፤ አየር ከያዘ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ወዲያው ከዘለለ አንድ ቦታ ያስተነፍሳል። ከትራስ ውስጥ የሚወጣ ሰው ሠራሽ ጥጥ ሳይጠቀጠቅ ብትጨምሩበት ሳጥኑ ከ10 በመቶ በላይ የሰፋ ያህል ይሆናል።

ሽቦ ላይ ብዙ ፎርጅድ አለ። ለ300 ዋት 4 ጌጅ፣ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ያለው መዳብ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሲሆን የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው የሚያስተላልፈው፤ አንዳንዱ ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይዟል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። በላይተር አንድደው የሚያዩም አሉ፤ መዳብ ቀይ ይሆናል፣ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ይበጠሳል። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ፤ ሽቦው ላሜራ ላይ ተፍቆ ሾርት ቢያደርግ መኪናዋን ከእሳት የሚያተርፋት እሱ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ በዚያው ውፍረት፣ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ላሜራ ላይ ይታሰር። ባሱ ሲመታ የፊት መብራት ከደበዘዘ ዲናሞ ከመለወጣችሁ በፊት ይህን ቦታ ፈትሹ። ሞተር ስታስነሱ «ዊይ» የሚል ድምፅ ከመጣ የሲግናሉ ገመድ ከወፍራሙ ሽቦ ጋር በአንድ ጎን አልፏል ማለት ነው፤ በሌላው በር በኩል ይሳብ።

የአምፑን ጌይን (ከቴፑ የሚመጣው ሲግናል ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነውን ቁልፍ) በጆሮ አትክፈቱ። ስፒከሩን ንቀሉ፣ የቴፑን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አምፑ መውጫ ላይ ለኩ። ለ300 ዋት 4 ኦም ላይ 34.6 ቮልት፣ 2 ኦም ላይ 24.5 ቮልት ሲያነብ አቁሙ። ባስ ቡስት ዜሮ፣ ማጣሪያው (ከባስ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያስቀረው) 80 ኸርዝ።

ኮሮላ ላይ ስፒከሩ ወደ ኋላ፣ ወደ መዝጊያው ዞሮ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚያ ፌዙን (የኮኑን እንቅስቃሴ አቅጣጫ የሚገለብጠውን) 0 እና 180 እያደረጋችሁ ከሾፌር ወንበር ስሙ፤ በነፃ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የታርጋውንና የኋላውን ላሜራ መንቀጥቀጥ አፍኑ። ቪትዝ ላይ ዕቃ መጫኛው ከውስጥ ጋር ስለተገናኘ ባለ 10 ኢንች በቂ ነው። ወንበር ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ለዕቃ መጫኛ ቦታ ለሚሳሳ ሰው ይሆናል፤ ከ40 ኸርዝ በታች ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ባለ ቱቦውን ቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ አትጣሉት። ያ 35 ሊትር ለዝግ ሳጥን የሚስማማ ስፋት ነው። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ፎጣ ወትፋችሁ ስሙት። ባሱ ከጠራ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በቱቦው አፍ ልክ ክብ አስቆርጡና በኮላና በሲሊኮን ድፈኑት። አምፑ ሲሞት ደግሞ የእሱንም ቀዳዳ በዚሁ መንገድ ደፍናችሁ፣ ስፒከሩ ፈተናውን ካለፈ እውነተኛ ባለ 30 አምፔር አምፕ ከውጭ አገናኙለት።