ቡስተር ወይስ ራውተር ከነአንቴናው?

"ቤት ውስጥ ኔትወርክ አልይዝ አለኝ፣ ቡስተር ልግዛ?" የባህር ዳር ጓደኞቼ ይህን ጥያቄ ሊተዉልኝ አልቻሉም። ቡስተር ማለት የሞባይል ሲግናልን ከውጭ ተቀብሎ ቤት ውስጥ የሚያጎላ ዕቃ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ አትግዙ፤ በምትኩ ራውተር ከነአንቴናው ግዙ።

ከዋጋው ልጀምር። ሰሞኑን ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ ቡስተሩን 12,000 ብር አሉኝ። ተከራክሬ 9,500 ገባ። ሲም ተቀብሎ ዋይፋይ የሚሰጥ ያገለገለ የ4ጂ ራውተር 4,500፣ በአንድ አቅጣጫ የሚያይ የውጭ አንቴና ደግሞ ከነኬብሉ 3,500። ድምሩ 8,000። የተረፈው ለብረት ቧንቧና ለሚሰቅለው ልጅ ይሆናል።

ስልክ ከታወሮች መካከል በአብዛኛው የሚይዘው ሲግናሉ የበረታውን እንጂ ሰው ያልበዛበትን አይደለም። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ወይም በጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ኔትወርኩ ሙሉ እያሳየ የባንክ አፕ እንኳ አልከፍት የሚለው ለዚህ ነው። ቡስተር ያንኑ የተጨናነቀ ታወር ከነረብሻው አጉልቶ ያመጣላችኋል። ሰውን ወደ ቀለለው ታወር መግፋት የኦፕሬተሩ ሥራ ነው። በእኛ እጅ ያለው አንቴናውን ወደ ሌላ ታወር ማዞር ብቻ ነው።

አባይ ማዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ምክሬን ሳይሰማ ቡስተር አስገጠመ። የውጭውና የውስጡ አንቴና በደንብ መራራቅ አለባቸው፤ አለዚያ ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲሆን እንደሚጮኸው፣ ዕቃው የራሱን ሲግናል መልሶ እያጎላ ታወሩን ይረብሻል። የእሱ ጣሪያ ላይና ጣሪያ ሥር ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ "ስልኬ ምን ነካው?" ማለት ጀመረ። በብዙ አገር ያለፈቃድ መትከል የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠጋኝ ጋ ወስደን ሲከፈት ደግሞ ጉድ ወጣ፦ ላዩ ላይ ሦስት ባንድ (ኔትወርኩ የሚሄድበት የሞገድ ክልል) ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ውስጡ የአንዱ ብቻ ነው። ሻጩን ስናናግረው "ዋስትናው መብራት ካላበላሸው ነው" ብሎ አረፈ። ባህር ዳር ላይ መብራት ያላበላሸው ምን አለና!

ራውተሩ ግን የያዘውን በቁጥር ይነግራችኋል። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ በብሮውዘር ክፈቱ። አርኤስአርፒ የሚለው የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ወደ −80 ሲጠጋ ጥሩ፣ ከ−110 ሲወርድ ደካማ። እኔ ይበልጥ የማምነው ኤስአይኤንአርን ነው፤ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሳያል። ከ0 በታች ከሆነ ጉልበቱ ምንም ቢሆን አትደክሙ፣ አንቴናውን አዙሩ። ፍጥነቱንም በማታ ለኩ፤ ጠዋት ሁሉም ታወር ጎበዝ ነው።

ዘጌ ለአንድ ወዳጄ ስንሰቅል አንቴናውን በሐይቁ ላይ ወደ ባህር ዳር አዞርነው። ጣና ላይ የሚከልል ሕንፃ የለም። ግን ውኃው ሲግናሉን ያንጸባርቃል፣ ቀጥታ ከሚመጣው ጋርም ይጣላል። ከፍ ባደረግነው ቁጥር የሚሻል መስሎን ነበር፤ ቁጥሩ የተስተካከለው ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ስናደርገው ነው።

ጣጣው ኬብሉ ላይ ነው። ዲሽ የሚሠሩ ልጆች የተረፋቸውን ኬብል ሊቀጥሉላችሁ ይሞክራሉ። እሱ 75 ኦም ነው፣ የራውተር አንቴና 50፤ ኦም ኬብልና አንቴና መስማማታቸው የሚታይበት መለኪያ ነው፣ እነዚህ አይስማሙም። ጫፉም ስለማይገጥም ጠምዝዘው በፕላስተር ያስሩታል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይጠጣል። ቀጭን ኬብል ደግሞ በረዘመ ቁጥር ሲግናሉን ይበላል፤ ብክነቱ የሚለካው በዲቢ ነው፣ 3 ዲቢ ጠፋ ማለት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ራውተሩን ወደ አንቴናው አስጠጉ፣ ኬብሉን አሳጥሩ። የጣና መብረቅ ቀልድ አያውቅምና ቧንቧውን መሬት አስነኩ።

ራውተር ተራ የስልክ ጥሪ አያሻሽልም፣ ይህን አልክድም። ምድር ቤት መጋዘን ኖሯችሁ ጥሪ ብቻ ከሆነ የቸገራችሁ፣ ኦርጅናል ቡስተር በፈቃድና በባለሙያ ይተከል። በ9,500 ግን ኦርጅናል አታገኙም።

ራውተር ስትገዙ የአንቴናው መግቢያ በጥርስ የሚጠመዘዘው ይሁን፤ ተጭኖ የሚገባው ትንሹ ቶሎ ይላላል። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ሞክሩ። የአንድ ኦፕሬተር ሲም ብቻ እንዲቀበል የተቆለፈ ከሆነ ማስከፈቻው ሌላ ወጪ ነው።