ሂሮሺማ ወይስ ናጋሳኪ? አንዷን ብቻ ማየት ለሚችል መንገደኛ

ጃፓንን ለጥቂት ቀናት የሚጎበኝ ሰው ቶኪዮንና ኪዮቶን ካየ በኋላ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ተጨማሪ ከተማ ብቻ ጊዜ ይቀረዋል። በአቶሚክ ቦምብ ከተመቱት ሁለት ከተሞች አንዷን ለመምረጥ የሚያስብ ሰው፣ የትኛዋ ይበልጥ ተጎዳች ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የመሬታቸውን አቀማመጥ ቢመለከት ይሻለዋል፤ ጎብኚው ዛሬ በሁለቱም የሚያየውን የወሰነው እርሱ ነውና።

ሂሮሺማ ወንዞች በሚከፋፍሉት ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945) ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ቦምቡ ከከተማዋ መሐል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲፈነዳ የሚገታው ኮረብታ ስላልነበረ እሳቱ በየአቅጣጫው ተዛመተ፤ እስከዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ የሞቱት ሰዎች 140,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። የሰላም መታሰቢያ ፓርኩም የቆመው ቀድሞ ሕዝብ ይኖርበትና ይነግድበት በነበረው በዚያው ሰፈር ላይ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ሁሉ በእግር ይደረስባቸዋል። አርክቴክቱ ኬንዞ ታንጌ ፓርኩን ሲነድፍ፣ በመታሰቢያው ቅስት ፊት የሚቆም ሰው ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚነደውን ነበልባልና ከወንዙ ማዶ አጽሙ ብቻ የቀረውን የሕንፃ ጉልላት በአንድ መስመር እንዲያያቸው አድርጓል። በቦምቡ ጨረር ሳቢያ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ለሞተችው ለሳዳኮ ሳሳኪና ለሌሎች ሕፃናት በቆመው ሐውልት ዙሪያ ደግሞ ከወረቀት ታጥፈው የተሠሩ ወፎች በብዛት ተሰቅለዋል። ሙዚየሙ የተቃጠሉ የተማሪ ልብሶችንና የከሰለ የምሳ ዕቃን የመሰሉ የሟቾች ንብረቶችን ስለሚያሳይ ትንንሽ ልጆች ይዞ የሚሄድ ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ናጋሳኪ በሸለቆዎች ውስጥ የተቀመጠች ወደብ ናት። ነሐሴ 3 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ የወደቀባት የፕሉቶኒየም ቦምብ ከሂሮሺማው የበረታ ነበር፤ ታልሞ የነበረውም ለኮኩራ ከተማ ሲሆን፣ አብራሪዎቹ ዒላማውን በግልጽ ማየት ስላልቻሉ ወደ ናጋሳኪ ዞሩ። ፍንዳታው በሰሜን በኩል ባለው በኡራካሚ ሸለቆ ላይ ስለሆነና ኮረብቶቹ ስለጋረዱት፣ 74,000 ያህል ሰው ቢሞትም በደቡብ ያለው አሮጌው ከተማ ከሞላ ጎደል ተረፈ። በዚህም ምክንያት ጎብኚው በትራም እየተጓዘ የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ከተማ ነው፦ በአንድ በኩል ሙዚየሙንና የሰላም ሐውልቱን፣ በሌላው በኩል ሆላንዳውያን ከ1641 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይነግዱባት የነበረችውን የቀድሞ ደሴት ዴጂማንና በ1864 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የኦውራ ቤተ ክርስቲያን።

ለእኛ አገር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኡራካሚ ይመስለኛል። ክርስትና በ1614 እ.ኤ.አ. በመላው ጃፓን ሲከለከል የዚህ ሸለቆ ገበሬዎች ካህን ሳይኖራቸው፣ ሕፃናቱን ራሳቸው እያጠመቁ ሃይማኖታቸውን ለ250 ዓመት ገደማ በስውር አቆዩ፤ ክልከላው በ1873 እ.ኤ.አ. ከተነሣ በኋላም አባቶቻቸው ቅዱሳት ሥዕላትን በእግራቸው እንዲረግጡ ይገደዱበት የነበረውን ቦታ ገዝተው ካቴድራል ሠሩበት። ቦምቡ የፈነዳው ከዚህ ካቴድራል 500 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር። በዚያች ሰዓት በካቴድራሉ ውስጥ የነበሩት ምእመናን ለእመቤታችን የዕርገት በዓል ሊዘጋጁ ንስሐ ለመግባት ተራ ይጠብቁ ነበር፤ በእኛ ዘንድም ያ ቀን የፍልሰታ ጾም ሦስተኛው ዕለት ነው። ከኡራካሚ 12,000 ያህል ካቶሊካውያን 8,500 የሚሆኑት አለቁ። በ1959 እ.ኤ.አ. እንደገና በተሠራው ካቴድራል ውስጥ ከፍርስራሽ የተገኘው የእመቤታችን ሐውልት ራስ ተቀምጧል፤ የወደቀው የደወል ማማም ከግቢው በታች እስከ ዛሬ በወደቀበት አለ።

በገንዘብ በኩል የሁለቱም ሙዚየሞች መግቢያ አነስተኛ ስለሆነ ልዩነት የሚያመጣው መንገዱ ነው። ሂሮሺማ ከኦሳካ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ሌሊቱን የሚያድር ደግሞ በማግስቱ በጀልባ ወደ ሚያጂማ ደሴት ሊሻገር ይችላል። ናጋሳኪ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ያለ ጥርጥር ሂሮሺማን እመክራለሁ፤ ጊዜ ያለውና ከቦምቡ በፊት ማን ይኖር እንደነበር ማወቅ የሚሻ ግን ናጋሳኪን ይምረጥ። በመታሰቢያ ቀኖቹ የሚሄድ ሰው ብርቱ ሙቀት እንደሚጠብቀው ይወቅ፤ ማደሪያም ቀደም ብሎ ይያዝ። የፍልሰታ ጿሚ ከሆነ ደግሞ ኦኮኖሚያኪ የሚባለው የሂሮሺማ ቂጣ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ፣ ቻምፖን የሚባለው የናጋሳኪ የኑድል ሾርባም የአሳማ ሥጋ ስለሚገባባቸው ሾጂን ሪዮሪ የሚባለውን ሥጋና ዓሣ የሌለበት የገዳም ምግብ የሚያቀርብ ቤት አስቀድሞ ይፈልግ።

ሁለቱንም ለማየት የቻለ ሰው ከሂሮሺማ ቢጀምር መልካም ነው፤ ከዚያ በሃካታ ጣቢያ በኩል አድርጎ ታኬዎ ኦንሰን ጣቢያ ላይ ባቡር ስለሚቀይር፣ ለጉዞው ግማሽ ቀን ይመድብ።