የጂሲሲ ማኑዋል የዲባግ አማራጮች፦ ግማሹ አስተማሪ፣ ግማሹ መዝገብ

በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም እምቢ ሲለኝ ከዲባገሩ (ከስህተት መፈለጊያው) ቀጥሎ የምከፍተው ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጠውን የጂሲሲ ኮምፓይለርን ማኑዋል ነው። እስከ 5ኛው እትም ድረስ የራሳችንን ፕሮግራም ለመመርመር የሚረዱት አማራጮች (ኮምፓይለሩን ስናዝ የምንጨምራቸው ቃላት) እና ኮምፓይለሩ በውስጡ የሚሠራውን የሚያሳዩት በአንድ ረጅም ምዕራፍ ተደባልቀው ስለነበር፣ የመስመር ቁጥር ብቻ የፈለገ ሰው በማያውቃቸው ስሞች መካከል ይንከራተት ነበር። በ2016 የወጣው 6ኛው እትም ሁለቱን ስለለያያቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

ለተጠቃሚው የተተወው ክፍል ዛሬ በእውነት ጥሩ ነው። ለዲባገሩ መረጃ የሚያስቀምጠው የ«ጂ» (-g) አማራጭ ደረጃዎች በግልጽ ተቀምጠዋል፤ 0 ምንም መረጃ አያስቀምጥም፣ 1 የመስመር ቁጥሮችን ይዞ የፈንክሽኖችን የውስጥ ተለዋዋጮች ይተዋል፣ ቁጥር ካልተጻፈ 2 ይወሰዳል፣ 3 ደግሞ የማክሮ (በኮዱ ውስጥ በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ፍቺዎችን ይጨምራል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ኮዱ በኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን በሚያደርገው ማሻሻያ) ሲያልፍ አንዳንድ ተለዋዋጮች ጨርሶ ሊጠፉ፣ የአፈጻጸሙም ቅደም ተከተል ወዳልተጠበቀ ቦታ ሊዘል እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግረውን አጭር አንቀጽ ነው፤ ይህን ያላነበበ ጀማሪ ጥፋቱን በዲባገሩ ላይ ያላክካል (እኔም አላክኬ ነበር)። እዚያው አጠገብ «ኦጂ»ን (-Og፣ ለዲባግ የሚስማማውን የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ) ከ«ጂ» ጋር እንድንጠቀም መመከሩም ተገቢ ነው። ቅር የሚለኝ የ«ጂድዋርፍ» (-gdwarf፣ መረጃውን ድዋርፍ በተባለው ፎርማት የሚያስቀምጠው አማራጭ) ጉዳይ ነው፤ ከኋላው የሚጻፈው ቁጥር የፎርማቱን እትም እንጂ የመረጃውን መጠን አያመለክትም፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ የሚያስጠነቅቀው ዓረፍተ ነገር ግን የተቀመጠው በደረጃዎቹ ማብራሪያ መጨረሻ ላይ ነው።

የኮምፓይለሩን ውስጣዊ ሥራ የሚያሳየው የገንቢዎቹ ክፍል ሌላ ነገር ነው። ኮዱ በየሥራ ደረጃው ምን እንደሚመስል ወደ ፋይል የሚያወጣውን «ኤፍደምፕ-ትሪ-ኦል»ን (-fdump-tree-all) ጨምረን አንድ ትንሽ ፋይል ኮምፓይል ስናደርግ ማውጫው በበርካታ ፋይሎች ይሞላል፤ በስማቸው ውስጥ ያለው የሥራ ደረጃው ቁጥርም ከእትም እትም ስለሚለዋወጥ በቁጥሩ የተማመነ ስክሪፕት ይሰበራል። ማኑዋሉ የአርቲኤል (ወደ ማሽን ቋንቋ የተጠጋው የኮዱ ውስጣዊ መልክ) አማራጮችን በረድፍ ሲደረድር ለብዙዎቹ የሚሰጠው ማብራሪያ ውጤቱ ከዚያ ደረጃ በኋላ እንደሚጻፍ ከመናገር እምብዛም አያልፍም፤ ይህ ደግሞ ስሙን ራሱን አርዝሞ መድገም ነው። የወጣውን ጽሑፍ እንዴት እንደምናነበው የሚያሳይ ናሙና ቢኖር፣ ለምሳሌ አንድ ባለ አሥር መስመር ሉፕ «ኦሪጅናል» በተባለው ፋይል ምን እንደሚመስልና «ኦፕቲማይዝድ» በተባለው ምን እንደቀረለት ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ ከረድፉ ሁሉ ይልቅ ይጠቅም ነበር።

አዘጋጆቹ ይህን ማድረግ እንደሚችሉ እዚያው «ኤፍኦፕት-ኢንፎ» (-fopt-info፣ ስለ ኦፕቲማይዜሽኑ መልእክት የሚያወጣው አማራጭ) ላይ አሳይተዋል፤ ሙሉ ትእዛዞች ተጽፈው፣ የትኛው መልእክት ወደ የትኛው ፋይል እንደሚሄድ ተብራርቷል። ለክፍሉ አዲስ የሆነ አንባቢ ከዚያ ይጀምር፣ ቀጥሎም «ኦፕቲማይዝድ»ን ብቻ አውጥቶ ይመልከት፤ የአርቲኤሉን ረድፍ ኮምፓይለሩን ራሱን የሚጠግን ሰው ቢያነበው ይበቃል።